አዲሱ የዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ሆቴል ካባና ቤይ ተከፈተ፤ የጠዋቷ ሰዓት የማን ናት? (የመድረክ ክርክር፣ እ.ኤ.አ. 2014)

የፓስፊክ ደንበኛ፦
ትናንት አንዷ እዚሁ «ካባና ቤይ ለሁላችንም የምሥራች ነው» ብላ ጻፈች፤ እናንተም ልብ ስትደረድሩላት አየሁ። እንዴት ነው ለሁላችንም የሆነው? እስካሁን ፍሎሪዳ ያለው የመዝናኛ ፓርክ፣ የዩኒቨርሳል ኦርላንዶ፣ ሆቴሎች ሦስት ነበሩ። ፖርቶፊኖ ቤይ 750 ክፍል፣ ሃርድ ሮክ 650፣ ሮያል ፓስፊክ 1,000። ድምር 2,400። አሁን አንድ ሆቴል ብቻውን 1,800 ይዞ መጣ። 75 በመቶ ጭማሪ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሆቴሉ እንግዳ ስለሆነ ጠዋት ከሌላው አንድ ሰዓት ቀድሞ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሃሪ ፖተር ጋ ይገባል። እኔ ውድ ሆቴል የምይዘው ለዚያች ሰዓት ነበር። በሉ ተጋፉ እንግዲህ።

የመንታ እናት፦
«አንዷ» የተባልኩት እኔ ነኝ። እንኳን ደህና መጣህ።
ቤተሰባችን ስድስት ነው። እስከ ዛሬ እናንተ ሆቴል ማደር ብንፈልግ ሁለት ክፍል ነበር የምንይዘው። የሁለት ክፍል ዋጋ ደግሞ ታውቀዋለህ። ካባና ቤይ 900 የቤተሰብ ስዊት አለው፤ አንዱ ስድስት ሰው ያስተኛል፤ ማይክሮዌቭ፣ ፍሪጅና ዕቃ ማጠቢያ አለው። መነሻው 174 ዶላር ተብሏል። ይህ የምሥራች ካልሆነ ምን ይሁን? አንተን ያስከፋህ ሆቴሉ ነው ወይስ የእኔ መምጣት?

የፓስፊክ ደንበኛ፦
መምጣትሽ አላስከፋኝም። 75 በመቶው ነው ያስከፋኝ።

ሒሳብ አስተማሪ፦
ይቅርታ፣ መሃል ገብቼ ላበላሽ። ይቺ 75 በመቶ ከየት መጣች? ክፍል ቆጥረህ ነው። ወረፋ የሚቆመው ክፍል ነው እንዴ? ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። 900ው ስዊት ስድስት ስድስት፣ የቀረው 900 ክፍል አራት አራት ቢይዝ 9,000 ሰው ይሆናል። ያ ጣሪያው ነው። በየትኛው ሆቴል ነው ሁሉም አልጋ ሞልቶ፣ ሁሉም ሰው ከንጋቱ ተነሥቶ፣ ልጆቹን አጥቦ፣ አልብሶ በር ላይ የሚገኘው?

የፓስፊክ ደንበኛ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። እኔ 75 በመቶ ብዬ ነበር፤ አንተ ደግሞ ከዚያም እንደሚብስ አስረዳህልኝ።

ሒሳብ አስተማሪ፦
ጣሪያ ነው አልኩህ እኮ! የጻፍኩትን ጨርሰህ አንብብ።

የፓስፊክ ደንበኛ፦
አንብቤዋለሁ። 9,000 ይላል።

ቀልደኛው ከአትላንታ፦
ሒሳብ አስተማሪ ራሱ ላይ ጎል አገባ። ፋንዲሻ አምጡ።

የውጭ አዳሪ፦
እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ትጣላላችሁ፤ እኛ ከውጭ ነን። እኔ ሁልጊዜ የማድረው ከዩኒቨርሳል ውጭ፣ ኢንተርናሽናል ድራይቭ መንገድ ላይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ሆቴሉ ፓርኩ ውስጥ አዲስ ሰው አይጨምርም፤ ቢጨምርም ትንሽ ነው። ካባና ቤይ የሚያድረው ቤተሰብ አምና እዚያው መንገድ ማዶ ያድር ነበር። ፓርክ የሚገባው ያው ሰው ነው። የተለወጠው የሚገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የሚጎዳው ፓስፊክ ውስጥ ያለው ጌታዬ ሳይሆን እኔ ነኝ። በሩ ለኔ ሲከፈት ከፊቴ የተሰለፈው ሰው በርክቶ ይጠብቀኛል።

የመንታ እናት፦
እና አንተም እንደኛ ወደ ካባና ና! ማን ከለከለህ?

የውጭ አዳሪ፦
የኔው ሆቴል ቁርስ በነፃ ይሰጣል። አንቺ ማይክሮዌቭሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

የፓስፊክ ደንበኛ፦
አያችሁ? የውጭ አዳሪም ተስማማ። ጠዋት ይጨናነቃል።

የውጭ አዳሪ፦
ካንተ ጋር አልተስማማሁም። ስሜን አታስገባ።

ሊያ የሜሪላንዷ፦
አንድ ነገር ሁላችሁም ረሳችሁት። ካባና ቤይ ኤክስፕረስ፣ ማለትም ወረፋ የሚያሳጥረው ማለፊያ፣ የለውም። የሦስቱ ሆቴሎች እንግዳ ቀኑን ሙሉ አንሊሚትድ ኤክስፕረስ በነፃ ይዞ በአቋራጭ መስመር ይገባል። የካባና እንግዳ ከፈለገ ለብቻው ይገዛል፤ ካልገዛ እንደማንም ይሰለፋል። ስለዚህ ፓስፊክ፣ የኤክስፕረስ መስመርህን ማንም አልነካብህም። ቀኑ በሙሉ ያንተ ነው። ለቤተሰብ አንዲት ሰዓት ብትደርሳቸው ሰማይ ይደፋብሃል?

የፓስፊክ ደንበኛ፦
ሊያ፣ ይህን የምትይው የሃሪ ፖተሩን ራይድ (መጫወቻ) ፎርቢድን ጀርኒን ስለማታውቂው ነው። ፎርቢድን ጀርኒ ኤክስፕረስ አይቀበልም። 2010 ሲከፈትም አልነበረም፣ ዘንድሮ በ2014ም የለም። ቀኑን ሙሉ ኤክስፕረስ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ብዞር እዚያ ስደርስ ከማንም እኩል ነኝ። እዚያ ያለኝ መብት ያቺ የጠዋት ሰዓት ብቻ ነበረች። ዋናው ራይድ እሱ ነው፤ ሰዉ ከሌላ አገር ድረስ የሚመጣው ለእሱ ነው። አሁን ገባሽ?

ሊያ የሜሪላንዷ፦
ፎርቢድን ጀርኒን አውቀዋለሁ፤ ገባኝም። ግን «መብት» ያልከው ከየት መጣ? የሆቴል ጥቅም ነው። የሰጡህ እነሱ ናቸው፤ ለሌላም መስጠት ይችላሉ።

የፓስፊክ ደንበኛ፦
የከፈልኩበት ነገር መብቴ ነው።

የመንታ እናት፦
እኔም እከፍላለሁ። የስድስት ሰው ቲኬት ገዝቼ ስገባ የኔ ዶላር አረንጓዴ አይደለም?

ቀልደኛው ከአትላንታ፦
ፓስፊክ ለራሱ ብቻ የሚከፈት በር ይሠራለት። ምንጣፍም ይነጠፍ።

ጋሼ ባቡር፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። በዚህ በ2014 ክረምት አዲሱ የሃሪ ፖተር ክፍል፣ ዳያጎን አሊ፣ ይከፈታል። የሚከፈተው ደግሞ በሌላኛው ፓርክ፣ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ነው። በሁለቱ መካከል ባቡር ይሄዳል። አዲስ ነገር ካለ ሰው ወደ አዲሱ ይሮጣል። የዛሬ ሦስት ወር ፎርቢድን ጀርኒ ጠዋት ላይ እንዲያውም ይቀልላል ባይ ነኝ። ሆቴሉን የሠሩት ለዚያ ሰው ማደሪያ ይሁን ብለው ነው እንጂ እናንተን ለማጣላት አይደለም።

የፓስፊክ ደንበኛ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ባቡሩን ለመሳፈር የሁለት ፓርክ ቲኬት ያስፈልጋል። የአንድ ፓርክ ቲኬት የያዘ አይሳፈርም። ደግሞ አዲስ ሲከፈት ሰው ይከፈላል ብለው ነው? ይጨምራል እንጂ! እዚህም ይሞላል፣ እዚያም ይሞላል።

ጋሼ ባቡር፦
እሱንም አውቃለሁ ልጄ። ለዚህ ነው የሁለት ፓርክ ቲኬት የምገዛው።

ሒሳብ አስተማሪ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ለሁለት ሲከፈል 75 በመቶው ወደ...

የፓስፊክ ደንበኛ፦
አንተ አሁንም 75 በመቶዬን አልለቀቅከኝም?

ሒሳብ አስተማሪ፦
መጀመሪያ ያመጣኸው አንተ ነህ! ሆቴሉ ማርች 31 ሲከፈት ሙሉውን አልተከፈተም፤ የተወሰነው ክፍል ነው ሥራ የጀመረው። ዛሬ የምታማርርበት ወረፋ ገና አልተሰለፈም። ባልመጣ ሰው ተጣላን።

የዲስኒ ልጅ፦
ይህን ሁሉ ያነበብኩት በግርምት ነው። ለቤተሰብ የሚሆን ስዊት ከፈለጋችሁ ዲስኒ 2012 ላይ አርት ኦፍ አኒሜሽን የሚባል ሆቴል ከፍቷል። 1,120 ስዊት አለው። ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው። ሁ-ለ-ት። ካባና ስንት አለው?

የመንታ እናት፦
አንድ። ግን በሦስት የተከፈለ ነው። ሻወሩ ለብቻ፣ ሽንት ቤቱ ለብቻ፣ የእጅ መታጠቢያው ለብቻ። ሦስት ሰው በአንዴ ይጠቀምበታል።

የዲስኒ ልጅ፦
አይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ ብለውሻል። አንድ ሽንት ቤት በመጋረጃም በግድግዳም ቢከፈል አንድ ነው።

የመንታ እናት፦
በዋጋውስ ለምን አናወዳድረውም? ያንተን ሁለት መታጠቢያ ቤት ለመክፈል ሌላ ሥራ መያዝ አለብኝ።

ሊያ የሜሪላንዷ፦
ደግሞ ካባና ቦውሊንግ አለው። ልጆች ዝናብ ሲጥል የት ይሂዱ? ፍሎሪዳ በክረምት ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ የዋለበት ቀን ንገሩኝ።

የዲስኒ ልጅ፦
ቦውሊንግ ለመጫወት ኦርላንዶ ድረስ?

የውጭ አዳሪ፦
ስለ ጀልባው ማንም አላነሳም። ሦስቱ ሆቴሎች ጀልባ አላቸው። ካባና አውቶቡስ ነው ያለው፤ ያለዚያ በእግር ነው። ያ 9,000 ሰው...

ሒሳብ አስተማሪ፦
ጣሪያ!

የውጭ አዳሪ፦
...ጣሪያው ያ ሁሉ ሰው ጠዋት አንድ ማቆሚያ ላይ አውቶቡስ ይጠብቃል። ፓስፊክ፣ አንተ በጀልባ እየተንሸራሸርክ ትደርሳለህ፤ እነሱ ገና አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሰዓትህን የሚያስጠብቅልህ ያ አውቶቡስ ነው። ምን አነጫነጨህ?

የፓስፊክ ደንበኛ፦
ይህኛው እንኳ ደህና ነጥብ ነው። ግን በእግር የሚመጡትስ?

የመንታ እናት፦
እኔ በእግሬ ነው የምመጣው። ጋሪ እየገፋሁ። ካንተ ጀልባ ቀድሜ ባልደርስ!

የፓስፊክ ደንበኛ፦
መንታ በጋሪ እየገፋሽ? አይሞከርም።

የመንታ እናት፦
ሰኔ ላይ እንተያይ።

ቀልደኛው ከአትላንታ፦
እኔ በመንታዋ እናት እወራረዳለሁ። ማን በፓስፊክ ይገባል?

ጋሼ ባቡር፦
ውርርድ እዚህ አይፈቀድም መሰለኝ።

የዲስኒ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎስ ሁለት መታጠቢያ ቤት አይሻልም ይላሉ?

ጋሼ ባቡር፦
እኔ ብቻዬን ነኝ የማድረው ልጄ። አንዱም ይበዛብኛል።

የዲስኒ ልጅ፦
ለስድስት ሰው ነው የጠየቅኩት እኮ!