የፓይራዞሊን ኤንኤምአር፦ ሁለት ሲግናል ጠብቄ ሦስት መጣብኝ

ቢጫዋ ክሪስታል፦
የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ቴሲሴን እየሠራሁ ነው። ቤንዛልዲሃይድና አሴቶፌኖን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አዋህጄ ቻልኮን ሠራሁ። ከዚያ ከፌኒልሃይድራዚን ጋር በአሴቲክ አሲድ አፍልቼ ቀለበቱን ዘጋሁት፤ 1፣3፣5-ትራይፌኒል-2-ፓይራዞሊን ማለት ነው። በሄክሴንና በኢትል አሲቴት ኮለም (ምርቱን ከቆሻሻው የሚለይ ቱቦ) አወረድኩት። ምርቱ 82 ፐርሰንት።

አይአሩ (ኢንፍራሬድ ምርመራው) ላይ 1660 አካባቢ የነበረው የቻልኮኑ ካርቦኒል ድራሹ ጠፍቷል። እስከዚህ ሰላም ነው። ኤንኤምአሩን (ሃይድሮጅኖቹ ያሉበትን ቦታ በፒክ የሚያሳየውን ምርመራ) ናሙና ልኬ ሁለት ወር ጠብቄ ነው ያገኘሁት። ስከፍተው ክው አልኩ። ቀለበቱ ላይ አንድ ሲኤች2 እና አንድ ሲኤች ብቻ ስላለ ደብሌትና ትሪፕሌት (ለሁለትና ለሦስት የተሰነጠቀ ፒክ) ነበር የጠበቅኩት። የመጣው 3.14፣ 3.84 እና 5.27 ላይ ሦስት ደብል ደብሌት (ለአራት የተሰነጠቀ ፒክ) ነው። በዚያ ላይ 1.26፣ 2.05 እና 4.12 ላይ ትንንሽ ፒኮች አሉ። አድቫይዘሬ አንዴ አየት አድርጎ «ቅልቅል ነው፣ ድገሚው» አለኝ። ፌኒልሃይድራዚኑ ደግሞ ጠርሙሱ ሥር የቀረችው ጠብታ ናት። ልድገመው?

ጋሽ ኮለም፦
እህቴ፣ እንዳትደግሚው! ሦስቱ ደብል ደብሌቶች ራሳቸው ምስክሮችሽ ናቸው። 5ኛው ካርቦን ፌኒል ይዟል፣ ካይራል ነው (አራት የተለያዩ ነገሮች ይዟል)። ስለዚህ ጎረቤቱ ያሉት ሁለት ሃይድሮጅኖች እኩል አይደሉም። አንደኛው ከፌኒሉ ጋር በአንድ ወገን ነው፤ በፌኒሉ ጥላ ሥር ስለሚውል ወደ 3.14 ይወርዳል። ሌላው በወዲያኛው ወገን ነው፣ 3.84። ጄይ (ፒኩ የተሰነጠቀበት ርቀት) ስንት ስንት ነው?

ቢጫዋ ክሪስታል፦
17 እና 7፣ 17 እና 12፣ 12 እና 7 ሄርትዝ።

ጋሽ ኮለም፦
በቃ! 17ቱ ሁለቱ እርስ በርስ ነው። 12ቱ ከሲኤቹ ሃይድሮጅን ጋር ሲስ (በአንድ ወገን) የሆነው፣ 7ቱ ትራንስ (በተቃራኒ ወገን) የሆነው። እኔ በተማሪነቴ ይህንኑ ነገር «ቆሻሻ» ብዬ ሦስት ጊዜ ኮለም አውርጃለሁ፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ሮታሪ፦
አድቫይዘሩንም ሙሉ በሙሉ አትኮንኑት። 1.26፣ 2.05፣ 4.12 የኮለሙ ኢትል አሲቴት ነው። የ5.27ቱን ፒክ ስፋት 1 ብትይው የ4.12ቱ ስንት ይሆናል?

ቢጫዋ ክሪስታል፦
0.4። ሁለቱ ደግሞ 0.6፣ 0.6።

ሮታሪ፦
5.27 የአንድ ሃይድሮጅን፣ 4.12 የሁለት ሃይድሮጅን ፒክ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሞል ምርት 0.2 ሞል ኢትል አሲቴት አለ። 0.2 በ88 ወደ 18 ግራም ነው፤ ምርትሽ ደግሞ 298። ከመዘንሽው ወደ 6 ፐርሰንቱ ሶልቨንት ነው ማለት ነው። 82ቱ ወደ 77 ይወርዳል፣ ይቅርታ። በትንሽ ክሎሮፎርም እያሟሟሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አትንኚው፣ ከዚያ በቫኪዩም አድርቂው። መቅለጫውስ?

ቢጫዋ ክሪስታል፦
129–133 ነበር።

(ከአራት ቀን በኋላ)
በክሎሮፎርም አትንኜ አደረቅኩት፤ አሁን 134–135። ዴፕት-135ም (ሲኤች2ን ወደ ታች፣ ሲኤችን ወደ ላይ የሚያሳይ የካርቦን ኤንኤምአር) ፋይሉ ውስጥ ኖሯል፣ አላየሁትም እንጂ። 43.6 ወደ ታች፣ 64.5 ወደ ላይ። 365 ናኖሜትር መብራት ሥር ሳደርገው ቦግ ያለ ሰማያዊ ሆነ። አድቫይዘሬ ዝም ብሎ አየውና «77 ብለሽ ጻፊ» አለ።