ፎልደሩ የግሩፑ ሆኖ አዲስ ፋይል ለምን ግሩፑን አይወርስም?

ደሴ_ፒያሳ፦
ሰላም ጀመዓ፣ እዚህ ደሴ የሰርግ ካርድ የምንሰራባት ቤት አለችን፣ ሶስት ነን፣ ኡቡንቱ ባለው አንድ ዴስክቶፕ ላይ እየተፈራረቅን በየራሳችን አካውንት ነው የምንገባው። ካርድ የሚል ግሩፕ ፈጥሬ ሶስታችንንም አስገባሁ፣ ፎልደሩንም የግሩፑ አደረኩት፣ ግን እህቴ ማታ የሰራችውን ጠዋት ስከፍተው ሪድ ኦንሊ ይለኛል፣ የፋይሉን ባለቤትና ግሩፕ ለማየት ኤልኤስ ዳሽ ኤል (ls -l) ስል ግሩፑ የሷ ስም ነው። ትናንት የሙሽራዋ ቤተሰብ ቆመው እየጠበቁ አንዲት ፊደል ማረም አቃተኝ። በየጠዋቱ በሱዶ፣ ማለትም በአድሚን ስልጣን፣ መቀየር ሰለቸኝ።

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ ያጠፋኸው የለም። ሊኑክስ ላይ አዲስ ፋይል ግሩፑን የሚያገኘው ከፈጠረው ሰው ነው፣ በትክክል ለመናገር ከፈጠረው ፕሮሰስ (እየሰራ ካለው ፕሮግራም)፣ ኡቡንቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዩዘር በራሱ ስም ግሩፕ ስለሚከፍት በእህትህ ስም ወጣ። ይሄ ሲስተም ፋይቭ ከሚባለው ከድሮው ዩኒክስ የመጣ ነው፣ ፍሪ ቢኤስዲ የሚባለው ሲስተምና ማክ ላይ ግን አንተ እንዳሰብከው ከፎልደሩ ይወርሳል። ሊኑክስ ላይም እንደዛ እንዲሆን ፎልደሩን ፐርሚሽን በሚቀይረው ትዕዛዝ ችሞድ ጂ ፕላስ ኤስ (chmod g+s) በለው፣ ከዛ ኤልኤስ ስትል በግሩፑ ኤክስ ቦታ ኤስ ታያለህ። ከዚያ ወዲያ ውስጡ የሚፈጠር ሁሉ ካርድ ይሆናል፣ አዲስ ፎልደር ደግሞ ኤሷን ራሷንም ይወርሳል። የድሮዎቹን ግን አይነካም፣ እነሱን አንዴ ራስህ ቀይራቸው፣ ኤሷን ፎልደሮቹ ላይ ብቻ አድርግ እንጂ ፋይሎቹ ላይ እንዳታደርግ።

ደሴ_ፒያሳ፦
ወላሂ ሰራ፣ ግሩፑ ካርድ ሆኖ መጣ! ሴቭ ማድረግ ግን አሁንም እምቢ አለኝ።

ሐይቅ_ዳር፦
ግሩፑ ሌላ ፐርሚሽኑ ሌላ ነው። በእህትህ አካውንት ተርሚናል ላይ ዩማስክ (umask) ብለህ ጻፍ፣ አዲስ ፋይል ሲፈጠር የትኛው ፐርሚሽን እንደሚነሳ የሚወስነው ቁጥር ነው፣ 0022 ካለህ ግሩፑ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም፣ 0002 ነው የምትፈልገው። እኔ ግን የእያንዳንዱን ሰው ዩማስክ ከማሳደድ ፎልደሩ ላይ በሴትኤፍኤሲኤል (setfacl) ትዕዛዝ ዲፎልት ኤሲኤል፣ ማለትም ውስጡ የሚፈጠር ፋይል የሚወርሰውን የፐርሚሽን ዝርዝር፣ አደርግለታለሁ፣ ያ ካለ ዩማስኩ ከቁጥር አይገባም። ደግሞ ከዳውንሎድ ሙቭ ያደረጋችሁት ፋይል የድሮ ግሩፑን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ኮፒ ካደረጋችሁት ግን አዲስ ስለሆነ ካርድ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጠፋበት።

ደሴ_ፒያሳ፦
0022 ነበር! እህቴ ደግሞ ሁሌም ዴስክቶፕ ላይ ሰርታ ነው ሙቭ የምታደርገው፣ ለካ ለዛ ነው አንዳንዱ ብቻ የሚያስቸግረኝ። ኤሲኤሉን ዛሬ ማታ ሱቅ ስንዘጋ አደርገዋለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ ሁለታችሁንም።

ቦርከና፦
አሚን። አራተኛ ሰው ከቀጠራችሁ ግሩፑ ውስጥ ካስገባኸው በኋላ ሎግ አውት ብሎ ይመለስ፣ እስከዛ ግሩፑ አያውቀውም።