የልጄ ክርስትና እናት የራሷን ልጅ አላስከተበችም፣ ምን ልበላት?

የ80 ቀኗ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ 80 ቀኗ ይሞላል፣ ክርስትና ትነሳለች። ክርስትና እናቷ እንድትሆን የለመንኳት ጓደኛዬ አብሮ አደጌ ናት። እዚህ አገር ስመጣ ኤርፖርት የተቀበለችኝም፣ ስምንት ወር ቤቷ ያኖረችኝም እሷ ናት። የአራት ዓመት ልጇ ግን የኩፍኝ ክትባት አልወሰደም፣ ኦቲዝም ያመጣል ብላ ትፈራለች። ልጁን ይዛ ፋሲካን አዲስ አበባ አሳልፋ የተመለሰችው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ነው።

በስልክ «ለድግሱ አንቺ ነይ፣ ልጁን ግን አባቱ ጋ ተዪው» አልኳት። «ልጄ የማይገባበት ቤት እኔም አልገባም» ብላ ዘጋችብኝ። ስድስት ቀን ሆነን። ባለቤቴ «ለአንድ ቀን ብለሽ ጓደኛሽን አትጪ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ልታርሰኝ ከአገር ቤት መጥታ አብራኝ ነች፣ ከእኔ በላይ የነበረውን ወንድሜን የቀበረችው በኩፍኝ ነው። ዛሬም ስሙን ስታነሳ ድምጿ ይቆራረጣል። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ነርስ ከቨርጂኒያ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ኩፍኝን እንደ ጉንፋን እንዳታዪው። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፣ አጠገቡ ካሉ መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች እስከ 9ኙን ይይዛል። ሽፍታው ሳይወጣ ከ4 ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚተላለፍ «ደህና እኮ ነው» ብሎ ማመን አይቻልም። ልጅሽ ክትባቱን የምትወስደው 12 ወር ሲሞላት ነው። ከአንቺ የወሰደችው መከላከያ ቢኖርም እየደከመ ስለሚሄድ እሱን አትተማመኚ።

አንድ ነገር ግን አላየሽም። በኩፍኝ ከተያዙ በኋላ ሽፍታው እስኪታይ እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል። ልጁ አዲስ አበባ ሳለ ተይዞ ከሆነ ገና ላይታይበት ይችላል፣ ስለዚህ እኔን ያሳሰበኝ ከድግሱ ቀን ይልቅ አሁን ያለው ሁለት ሳምንት ነው፣ ለአራስ ጥየቃ ብላ ልጁን ይዛ እንዳትመጣ። በዚህ ሳምንት ቢከተብ ደግሞ ለክርስትናው ይደርሳል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚፈልገው። እናንተም ራሳችሁን አረጋግጡ፣ አገር ቤት ያደግን ብዙዎቻችን የክትባት ካርድ የለንም፣ በደም ምርመራ ይታያል።

የሚኒሶታ እናት፦
እኔ የጓደኛሽ ቦታ ላይ ነበርኩ። በ2017 እዚህ ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰው ሲይዝ፣ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። እነሱን ያስፈራቸው የኦቲዝም ወሬ እኔንም አስፈርቶኛል። ልጄ አፉን ሳይፈታ ዘግይቶብኝ ስለነበር ክትባት ሲባል ሆዴ ይርበተበት ነበር። ሰው «አላዋቂ» ባለኝ ቁጥር ደግሞ እልህ ያዘኝ። የመለሰችኝ አንዲት ጓደኛዬ ናት። ቤቴ መጣች፣ ቡና አፈላሁ፣ «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» ብላ ከአቦል እስከ በረካ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ነው ወሬው ከየት እንደተነሳ የነገረችኝ። 1998 ላይ እንግሊዝ አገር በ12 ልጆች ላይ ተሠራ የተባለ ጥናት ነው፣ በ2010 ያሳተመው መጽሔት ራሱ ሰርዞታል፣ ሐኪሙም ከሙያው ታግዷል። ክሊኒክም አብራኝ ሄደች።

ጓደኛሽ በስልክ የሰማችው «ልጅሽን አልፈልገውም» የሚል ነው። ልጅሽን ለእናትሽ ትተሽ ቤቷ ሂጂ።

አባወራ ከዳላስ፦
ሄደሽ አነጋግሪያት፣ ግን እሺ ካላለች ውሳኔው ያንቺ ነው። እዚህ ቴክሳስ በ2025 ሁለት ያልተከተቡ ልጆች በኩፍኝ ሞተዋል። እኔ ብሆን ክርስትናውን በቀኑ፣ በቤተሰብ ብቻ አደርገዋለሁ፣ ድግሱ ለአንደኛ ዓመት ልደቷ ይቆይ። ከጠራሽም «ያልተከተበ ልጅ አይምጣ» የሚለውን ለተጠራው ሰው ሁሉ ላኪ፣ ለእሷ ብቻ ከሆነ ያማታል። ባለቤትሽም ዝም በዪ ከሚልሽ ራሱ ይደውልላት።

የ80 ቀኗ እናት፦
ትናንት ሄጄ ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ሁለታችንም አለቀስን። የእህቷ ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት የነገረችኝ ትናንት ገና ነው፣ እስከዛሬ ለማንም አላወራችም። ስለ እንግሊዙ ጥናት ነገርኳት፣ ዝም ብላ ሰማችኝ። አስከትበዋለሁ አላለችም። ግን ሐሙስ ለልጁ ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች፣ «አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ። እስከዚያ እኛ ቤት እንደማታመጣው ራሷ ነገረችኝ። ድግሱን እንዳዘገየው ወይም እንዳልዘገየው ገና ከባለቤቴ ጋር አልጨረስንም። ሐሙስ ሕፃኗን እናቴ ትይዝልኛለች፣ እሄዳለሁ።