ጸጋ ነው ካልን የቀሚስ ርዝመት ከየት መጣ?

ሰፊዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ውስጥ የማልሰማው ጉድ የለም፤ መኪናው ሲቆም ሰው ማውራት ይጀምራል።

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ቀሚሶቿን በፌስታል ይዛ መጣች። እኛ ቸርች መዘምር ናት። «ቅምቅማቱን ፍቺና አስረዝሚልኝ» አለችኝ። ገልብጬ አየሁት። የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም፣ የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። «ምን አስረዝመዋለሁ፣ ከጉልበትሽ በታች ነው እኮ» ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። ለካ አንድ አገልጋይ ለብቻዋ ጠርቶ «ሥራ ያጣሽው አለባበስሽ መንፈስ ቅዱስን ስላሳዘነው ነው» ብሏታል። እስክታስተካክል ድረስ መድረክ ላይ አትወጣም። እሷ ደግሞ አምናዋለች። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። «መጀመሪያውኑ ከልቤ አልዳንኩ ይሆናል» አለችኝ።

እኔ ጌታን ስቀበል መጀመሪያ በቃሌ የያዝኩት ጥቅስ ኤፌሶን 2፥8 ነው። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና»። በየሳምንቱ እንዘምረዋለን። ከዚያ ከመዝሙሩ ስንወርድ ሱሪ ክልክል፣ ዊግ ክልክል፣ የጥፍር ቀለም ክልክል። አዳር ጸሎት የቀረ ሰው ስሙ ይነሳል። አሥራት ያላወጣ ደግሞ በሽታ ይጠብቀው።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትውላለች፣ ከዚያ ሽሮዋን ቀምሳ ወደ ሥራዋ ነው። «በሥራ አይዳንም እማዬ» እያልኩ ስንት ጊዜ አሰልችቻታለሁ። የልጅቷን ነገር ስነግራት ሳቀች። «እናንተ ጾም የለብንም ስትሉ አልነበር? ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ በቀሚስ ነው እንዴ የምትጾሙት?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ጥያቄዬ ይሄው ነው። ሥርዓት ሁሉ ሕግ ነው? ካልሆነስ፣ አንድ ሥርዓት ጸጋን የሚያፈርስ ሕግ የሚሆነው የቱ ጋ ሲደርስ ነው? እባካችሁ «ጴንጤ»፣ «ተዋሕዶ» እየተባባላችሁ አትባሉብኝ። መልስ ነው የምፈልገው።

ነጻነት

እህቴ ምኑ ነው ግራ የገባሽ? ገላትያ 5፥1 አንብቢ። በነጻነት ልንኖር ክርስቶስ ነጻነት አወጣን። እዛ ቸርች አንድ ቀን እንዳታድሪ፣ ውጪ! የሰው ቀሚስ የሚለካ ፓስተር ወንጌል አልገባውም። በቃ።

የድሮ አማኝ

ልጄ፣ «ውጪ» ማለት ቀላል ነው። በደርግ ጊዜ ቸርቻችን ተዘግቶ በየሰዉ ቤት ተደብቀን ስንሰበሰብ የነበርን ሰዎች ነን። ያን ጊዜም ቢሆን የሰው ጸጉር የሚለካ አልጠፋም። ስለዚህ ተረጋግተሽ ስሚኝ።

የገላትያን መልእክት ሰው ሲያነብ ጳውሎስ የተቆጣው ክርስቶስን ተዉ በሚሉ ሰዎች ላይ ይመስለዋል። እነሱ እንደዛ አላሉም። ክርስቶስን እመኑ፣ ደግ አደረጋችሁ፣ ግን ደግሞ ካልተገረዛችሁ ሙሉ አትሆኑም ነው ያሉት። ጣጣው ያለው «ግን ደግሞ» ላይ ነው። ጳውሎስ በዚህ ምክንያት ምዕራፍ 2 ላይ «ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ» እስከማለት ደረሰ።

አሁን ጥያቄሽ ላይ እንምጣ። ይሄው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ራሱ ገርዞታል፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥3። ቲቶን ግን አላስገርዝም ብሎ ድርቅ አለ፤ ገላትያ 2፥3። ግርዘቱ አንድ ነው፣ ሰውየውም አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? የጢሞቴዎስ እናት አይሁዳዊት ነበረች፤ በአካባቢው ያሉት አይሁድ እንዳይሰናከሉ ብሎ ነው ያደረገው። በቲቶ ጊዜ ግን የግድ ነው ባዮች ነበሩ። ያኔ ጳውሎስ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልለቀቀላቸውም። እንግዲህ ሥርዓት ሁሉ ሕግ አይደለም። ያው ሥርዓት የመዳን ዋጋ ሲደረግ ነው ሕግ የሚሆነው።

ስለዚህ መዘምራን አንድ ዓይነት ልብስ ይልበሱ ቢባል እኔ ቅር አይለኝም። ከጉልበት በታች ይሁን ቢባልም እሺ። ኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያትም የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ለአሕዛብ ሥርዓት ጽፈው ልከዋል፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተ፣ ከዝሙት ራቁ ብለው። ግን ከደብዳቤው በፊት ጴጥሮስ ተነሥቶ እኛም እነሱም የምንድነው በጌታ ጸጋ ነው ብሎ ነገሩን ዘግቶት ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ።

ይሄው ጴጥሮስ ግን አንጾኪያ ላይ ምን ሆነ? ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈራና ሸሸ፤ በርናባስ ሳይቀር ተከተለው። ጴጥሮስ በአፉ አንዲት የስህተት ትምህርት አልተናገረም። ከማዕድ ነው የተነሣው። ጳውሎስ ግን ያንን እንደ ትምህርት ቆጥሮ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ልጅቷን ከመድረክ ያወረዷትም ሰዎች በድርጊታቸው ሰብከዋታል። የሰማችውንም ስብከት ላንቺ ነግራሻለች፦ «አልዳንኩ ይሆናል»።

ሥራ ያጣሽው በዚህ ነው ስላላት ደግሞ ሉቃስ 13ን አንብቡላት። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጌታ ጠየቀ። አይደለም አለ። የአገሩን የሥራ ማጣት ሁሉ በቀሚስ ብናስረዳ ሱሪ የለበሰው ወንድ ሥራ አጥ ምን ይባላል?

ታዛቢ

እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር። ጸጋ ጸጋ እያለ ሚስቱን የሚደበድብ፣ የሰው ብር የሚክድ አውቃለሁ። ሲጠየቅ «ከሕግ በታች አይደለሁም» ነው። ሮሜ 6፥1ም ይነበብ። ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን? ሥርዓት ይኑር ባይ ነኝ።

የድሮ አማኝ

@ታዛቢ ልክ ነህ፤ ኤፌሶን 2 ቁጥር 9 ላይ አያልቅም። ቁጥር 10 ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ግን ሚስት መደብደብንና የቀሚስ ቁመትን አንድ ሚዛን ላይ አታስቀምጥብኝ።

ዲያቆን ነኝ

ስድብ የለም ስለተባለ ደፍሬ ገባሁ። እህቴ፣ እናትሽን በሥራ መዳን የምትፈልግ ሴት አድርገሽ አትያዣት። እስቲ አንድ ቀን ለምን እንደምትጾም ጠይቂያት። እኛ በጸሎታችን 41 ጊዜ ኪርያላይሶን እንላለን፤ አቤቱ ማረን ማለት ነው። ሠርቼ አገኘሁ የሚል ሰው ይህን ያህል ጊዜ ማረኝ አይልም። የታመመ፣ ሕፃን ልጅ አይገደድም። ዕዳ ቢሆን ኖሮ ማንም አይማርም ነበር። በእርግጥ በኛም ሰፈር ጾምን ጎረቤት መክሰሻ ያደረገ ሞልቷል፤ እሱን አልክድም። እምነትና ሥራን በምንናገርበት መንገድም ከናንተ እንለያለን። ያዕቆብ 2ን፣ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው የሚለውን፣ እኛ ጠበቅ አድርገን ነው የምንይዘው።

ግን ጥያቄሽ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ትገረዛላችሁ፣ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ የአይሁድን ሕግ ነው የምትጠብቁት ብለው ሲከሱን፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጽሑፍ መልሷል። ምን አለ መሰለሽ? የምንገረዘው እንደ አይሁድ አይደለም፣ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም የጳውሎስን ቃል እናውቃለን፤ ይህ የአገር ልማድ ነው፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በህንድ ጆሮ እንደሚበሳው ነው አለ። ስለ አሳማ ሥጋም፣ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም አለ። ንጉሥ ሆኖ፣ ማስገደድ እየቻለ ነው ይህን የጻፈው። ወንድሜ የድሮ አማኝ ስለ ጢሞቴዎስና ቲቶ ያሉትን ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሰፊዋ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲያቆን፣ እናቴን ትናንት ማታ ቡና እያፈላች ጠየቅኳት። «ጌታ ራሱ ጾሞ የለም እንዴ? እሱ ከጾመ እኔ ማን ነኝና ልቅር?» አለችኝ። «ለመዳን አይደለም ወይ?» ስላት «ወይ ጉድ! እኔ ሽሮ በልቼ የምድን ብሆን እሱ ለምን ተሰቀለ?» ብላ ስኒውን አቀበለችኝ። ከኛ ሰባኪ አንዳንዱ እንዲህ ቢል ደስ ባለኝ።

@ነጻነት አልወጣም። እዛ ቸርች ልጆቼን ያስረከብኩት፣ ባሌን የቀበርኩት ከነሱ ጋር ነው። አሥራቱን ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጋሼ፣ የርስዎን ነገር ይዤ እሑድ ያንን አገልጋይ አነጋግረዋለሁ። ስለ ፋሽን አልከራከረውም፣ ቀሚሱን ያስረዝሙ ካለ ጨርቅ ቀጥዬ አስረዝማለሁ፤ ሥራዬ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቀሚሷ ባይረዝም ልጅቷ ድናለች ወይስ አልዳነችም? ድናለች ካለ፣ ይህንኑ እሷን ጠርቶ በፊቴ ይንገራት።

ታዛቢ

አልዳነችም ካለስ?

ሰፊዋ (ሐዋሳ)

ያኔ ገላትያ 2ን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። እዛው ሰው ፊት።