ለተርብ ተብሎ ሁለቱም ብሎክ ይረጭ ወይስ አይረጭ?

ኮሚቴው፦ ሰላም ጎረቤቶች። በስብሰባው ሳንጨርሰው የተበተንበትን ጉዳይ እዚሁ እንጨርሰው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያሉት ሁለቱ ብሎኮቻችን ተርብ ወሯቸዋል። በረንዳው፣ ደረጃው፣ የቆጣሪ ሳጥኑ፣ የመስኮቱ ክፈፍ ጎጆ በጎጆ ሆኗል። አንድ ረጪ መጥቶ «ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች በማላታዮን እረጭላችኋለሁ» ብሎ ዋጋ ሰጥቶናል። በማኅበሩ ካዝና ያለው አይበቃም፣ መዋጮ ይጠይቃል። ይረጭ የምትሉም አይረጭ የምትሉም ምክንያታችሁን ጻፉ። ስድብ ይሰረዛል። ቮይስ አትላኩ፣ የሚሰማው የለም።

የልጆች እናት፦ ይረጭ። ልጄን ደረጃ ሲወርድ ቅንድቡ ላይ ነድፋው ዓይኑ አብጦ ተከደነ፣ ከትምህርት ቤትም ቀረ። ስለ ተፈጥሮ ሚዛን ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የልጄን ፊት እዩት። መዋጮውን ነገ ጠዋት እከፍላለሁ።

ጡረተኛው፦ እኔም ይረጭ ባይ ነኝ። ዱሮ የወባ ማጥፊያ ሰዎች ዲዲቲ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ዕቃችንን ደጅ እናወጣና ግድግዳው ነጭ እስኪሆን ይረጩልን ነበር። ትኋንና ቁንጫውም አብሮ ይረግፍ ነበር። ይኸው እኛም አልሞትንም። የአሁን ልጆች መድኃኒት ሲባል ትደነግጣላችሁ።

ዘንዘልማ፦ አባባ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። የወባ ርጭት ዓላማው ሌላ ነው። ትንኟ ደም ጠጥታ የምታርፍበት የቤቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ በሠለጠነ ሰው፣ ተለክቶ የሚረጭ ነው። ዲዲቲም ቢሆን ትንኟ ስለለመደችው ቀርቷል። ይህ ሰውዬ ግን የእርሻ መድኃኒት ይዞ በረንዳ ላይ ሊረጭልን ነው። እህቴ፣ ልጁ የተነደፈበትን ቦታ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልን ጥሩ ነው።

የልጆች እናት፦ ይኸው ሁለት ፎቶ። አንዱ ከመስኮቴ በላይ ያለው ነው፣ ሌላው እሱ የተነደፈበት፣ ከደረጃው ሥር የተንጠለጠለው። ሁለቱም ያው ተርብ ነው፣ ምኑን ትመራመራለህ?

ዘንዘልማ፦ ያው አይደለም፣ እኔን ያከራከረኝም ይኸው ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የመስኮቱ የጭቃ ነው። ጣት የሚያህሉ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተሠርተው ከላይ ደግሞ በጭቃ ተመርገዋል። ይህን የምትሠራው አንዲት ሴት ተርብ ብቻዋን ናት፤ ንግሥትም ሠራተኛም የላትም። ጥቁር ናት፣ እግሯ ቢጫ አለበት፣ ወገቧ ክር ያህላል። ከሐይቁ ዳር ወይም ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ጭቃ አድቦልቡላ በመንጋጋዋ ይዛ ትመጣለች። ስትለስን ዝዝ የሚል ድምፅ የምትሰሙት ያኔ ነው። ቱቦው ሲያልቅ ሸረሪት እያደነች ትሞላበታለች። አትገድላቸውም፣ ነድፋ ታደነዝዛቸዋለች፤ ሳይሞቱ ስለሚቆዩ አይበሰብሱም። እንቁላሏን ትጥልና አፉን ደፍና ትሄዳለች፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለትም ትል መሳዩ ልጇ፣ የሚያድገው ሸረሪቶቹን እየበላ ነው። እናትየው ቆማ ስለማታሳድግ ለጎጆዋ ብላ ሰው አታባርርም። በእጅ ካልጨበጧት ወይም ልብስ ውስጥ ገብታ ካልተጨነቀች አትነድፍም ማለት ይቻላል። ትንሽ እንስራ የሚመስል የጭቃ ጎጆ ያያችሁም ካላችሁ እሱ የሌላዋ ዓይነት ነው፤ እሷም ብቸኛ ናት፣ የምታድነው ግን ሸረሪት ሳይሆን የቅጠል ትል ነው።

የደረጃው ጎጆ ጭቃ የለበትም። እንጨት ልጠው አኝከው የሠሩት ግራጫ ወረቀት ነው፣ በአንድ ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሏል፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ክፍት ናቸው። እነዚህ በቡድን ይኖራሉ። እጮቻቸውን እየመገቡ ስለሚያሳድጉ ሰው ሲጠጋ ይነሱበታል። መውጊያቸው እንደ ንብ ቆዳ ውስጥ አይቀርም፣ አንዷ ደጋግማ ትነድፋለች። ልጅሽን የነደፈችው ከእነዚህ መሆን አለባት። እሱን ጎጆ እናንሳው፣ እኔም እደግፋለሁ። ለእሱ ተብሎ ግን 2 ብሎክ ሙሉ መርዝ አይጠጣም።

ምድር ቤት ሱቅ፦ የጭቃዋን ጻድቅ አታድርጉብኝ። የሱቄን የጓንጉል ቀዳዳ ደፍናብኝ ቁልፉ አልገባ ብሎ ጠዋት ደንበኛ አስቁሜ በሽቦ ስቆፍር ነበር። የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ ልንገራችሁ፦ በ1996 እ.ኤ.አ. ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሳ ቦይንግ 757 ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው አልቋል። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት የፍጥነት መለኪያ ቱቦውን የጭቃ ተርብ ደፍናው እንደነበር ነው። አውሮፕላን ጣለች የተባለች ተርብ ናት «አትነድፍም» እየተባለ የሚዘመርላት?

ቀለም ቀቢው፦ ወንድሜ፣ ያ አውሮፕላን እኮ ቱቦው ሳይሸፈን ለቀናት ስለቆመ ነው። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት «ቱቦውን ክደን» ነው እንጂ «አየር ማረፊያውን እርጭ» አይደለም። ጓንጉልህ ላይ ክዳን ያለው ግዛ ወይም ማታ ማታ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍነው።

የዘጌ ልጅ፦ እቃወማለሁ። ቤተሰቦቼ ዘጌ ቡና መሀል ቀፎ አላቸው፣ እኔም ከግቢያችን ጀርባ ቀፎ እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ማላታዮን ንብ ይፈጃል፣ ለዓሣም መርዝ ነው። ከበረንዳ የታጠበው በዝናብ ጊዜ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ቦዩ የት እንደሚሄድ ለባሕር ዳር ሰው አይነገርም። ለእምቦጭ መድኃኒት እንርጭ ሲባል ያን ያህል የተሟገትን ሰዎች ለተርብ ሲሆን ዝም ልንል ነው? ተርብ ወዳጄ ሆና እንዳይመስላችሁ። ንብ እያደነች መሬት ውስጥ ጉድጓዷ የምትከት የተርብ ዘር አለች፣ እሷን እኔም አልወዳትም። ይህች የጭቃዋ ግን ቀፎዬን ነክታው አታውቅም።

የልጆች እናት፦ እሺ ሸረሪት ትበላለች አላችሁ። ሸረሪት ደግሞ ትንኝ ትበላ የለ? ወባ ባለበት ሐይቅ ዳር እየኖርን የትንኝ ጠላት የምትፈጅ ተርብ ምኗ ነው የሚወደሰው?

ዘንዘልማ፦ ይህችን አስገባሽልኝ። እውነት ነው፣ ለቤታችን ትጠቅማለች ብዬ አልከራከርም። ግን ረጪው ቢመጣ ሸረሪቱንም አብሮ ነው የሚጨርሰው። ሸረሪት ካሳዘነሽ ድምፅሽ ወደ እኛ ነው።

የልጆች እናት፦ ሸረሪት አላሳዘነኝም። ልጄ ነው ያሳዘነኝ።

ነርሷ፦ እኔ በርጭቱ ላይ አስተያየት የለኝም፣ ስለ ንድፊያው ግን አንድ ነገር ልበል። ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት፣ አትከኩት። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ከሳተ ግን ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጡ ጊዜ እንዳታባክኑ። ባጃጅ አስቁሙና ወዲያው ሆስፒታል። አንድ ጊዜ እንደዚያ የሆነ ሰው የደረጃውን ጎጆ ለማንሳት እንዳይጠጋ።

ቀለም ቀቢው፦ አሁን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይናገር። የጭቃውን ጎጆ በመርዝ መርጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ክብ ቀዳዳ ካለበት ልጆቹ ወጥተው ሄደዋል፣ ባዶ ቤት ነው የምትረጩት። ድፍን ከሆነ ደግሞ እጩ ውስጥ ተዘግቶበታል፣ መድኃኒቱ ጭቃውን አልፎ በቀላሉ አያገኘውም። በሁለቱም መንገድ ጎጆው ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ባዶ ቀዳዳውን ሌላ ነፍሳት መጥቶ ይገባበታል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ በደረቁ በስፓቱላ አነሳዋለሁ፣ የቀረውን በደረቅ ብሩሽ አራግፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። መጀመሪያ ውኃ ካስነካችሁት በኖራ ቀለም ላይ ይዘረጋና ቡናማ ካርታ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ ግድግዳ ማስቀባት ነው። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራው መጥፎ ነው።

ክረምት ያጥበዋል ብላችሁ እንዳትተዉት። ጣራ ሥር ዝናብ አያገኘውም።

ዘንዘልማ፦ አውስትራሊያ ውስጥ ዋሻ ሥዕል ላይ የተሠሩ የጭቃ ተርብ ጎጆዎችን መርምረው የአንዳንዱን ሥዕል ዕድሜ ወደ 12,000 ዓመት ገምተዋል። ዝናብ ካላገኘው እንዲያ ይቆያል።

ጡረተኛው፦ እና 12,000 ዓመት እንጠብቅ? ጥሩ። ሁላችሁም አዋቂዎች ናችሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መሰላል የሚወጣው ማነው? ረጪው አንድ ቀን መጥቶ፣ አንድ ዋጋ ተቀብሎ፣ ጨርሶ ይሄዳል። የእናንተ ስፓቱላ ግን በየወሩ ሰው ይፈልጋል። በዚህ ማኅበር የደረጃ ማጽጃ ተራ እንኳ ያልተከበረበት ነው፣ የተርብ ተራ ሊከበር? እኔ ይረጭ የምለው መርዝ ወድጄ አይደለም፣ እናንተን ስለማውቃችሁ ነው።

ምድር ቤት ሱቅ፦ ጋሼ ጨረሱት!

የዘጌ ልጅ፦ ጋሼ ያሉት ስለ እኛ ስንፍና ልክ ነው። ስለ ረጪው ግን ልክ አይደለም። ጭቃው እስካለ ድረስ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላዋ ተርብ መጥታ ትሠራለች፣ እሱም ተመልሶ ይመጣል፣ መዋጮውም አብሮ ይመለሳል። የብሎክ 1 ቦኖ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ሥሩ ያለውን ጭቃ ጠዋት ቆማችሁ እዩት፣ ተርቦቹ ወረፋ ይዘው ነው የሚጭኑት። ሐይቁን ማድረቅ አንችልም፣ ቦኖውን ግን ጎሚኒ መቀየር አያቅተንም። በዚያ ላይ የማታ መብራት። አምፖሉ በራሪ ይሰበስባል፣ በራሪው ሸረሪት ይሰበስባል፣ ሸረሪቱ ተርብ ይጠራል። በረንዳ ላይ ሌሊቱን አምፖል የምታሳድሩ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የልጆች እናት፦ በርበሬ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ቢረጭ ምን ይሆናል? ብቅልም አለ። ይህን ሳላስበው ነው የደገፍኩት።

ኮሚቴው፦ ረጪውን ጠይቀነዋል። «ለሁለት ቀን አንሱት» ነው ያለው። የመድኃኒቱን መጠን ስንጠይቀው «ልምድ አለኝ» አለ።

ነርሷ፦ እንግዲያው አስተያየት የለኝም ያልኩትን አንስቻለሁ። አይረጭ።

ምድር ቤት ሱቅ፦ የደረጃውን ጎጆ በችቦ አንድዱት በቃ። እኛ ሀገር እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ቀለም ቀቢው፦ ከጎጆው አጠገብ የኤሌክትሪክ ሽቦ እያለፈ? ይቅር። ሲመሽ ሁሉም ጎጆው ላይ ሲያርፉና ብርዱ ሲይዛቸው ነው የሚነሳው። ወፍራም ልብስ፣ ጓንት፣ ፊት መሸፈኛ ለብሼ በሳሙና ውኃ በደንብ አረጥባቸዋለሁ፣ ሳሙናው መተንፈሻቸውን ይዘጋዋል። ከዚያ ጎጆውን ከዘንጉ ቆርጬ ላስቲክ ውስጥ። እግሬ መሬት ላይ ሆኖ የሚደረስበት ስለሆነ መሰላል አያስፈልገውም። ተርብ ሲነሳ መሰላል ላይ የቆመ ሰው ከንድፊያው ይልቅ መውደቁ ነው የሚጎዳው። ለጭቃዎቹ ደግሞ የሁለቱን ብሎክ የቀን ሥራ ዋጋ ለኮሚቴው እነግራለሁ፣ ከረጪው ካልቀነሰ አትቅጠሩኝ። የአየር ማስገቢያዎቹን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ መዝጋቱን ጨምሬ ነው።

ጡረተኛው፦ አሃ፣ ለካ ሥራ እየፈለግህ ነበር!

ቀለም ቀቢው፦ ጋሼ፣ ረጪውስ ለጽድቅ ነው የመጣው?

ኮሚቴው፦ በቃ። ድምፅ የሚሰጠው የሁለቱም ዋጋ ጎን ለጎን ሲቀርብ ነው። እስከዚያ ረጪው እንዲቆይ እንነግረዋለን። የቦኖው ጎሚኒ ድምፅ አያስፈልገውም፣ ከካዝና ይገዛል። የደረጃው የወረቀት ጎጆ ዛሬ ማታ ይነሳል። ከ1 ሰዓት በኋላ ልጆች በዚያ ደረጃ እንዳይወርዱ።

የልጆች እናት፦ ዛሬ ማታ ከተነሳ ስለ ቀሪው እናወራለን። ካልተነሳ ድምፄ ይረጭ ነው፣ ጻፉት።

ምድር ቤት ሱቅ፦ እኔ አሁንም ይረጭ ነኝ። ቢያንስ ምድር ቤቱ።

ቀለም ቀቢው፦ የደረጃው አምፖል መጥፋት አለበት፣ ከበራ ወደ መብራቱ ይነሳሉ። ማጥፊያው የት ነው?

የልጆች እናት፦ ጥበቃው ክፍል ውስጥ። ቁልፉ ደግሞ ኮሚቴው ጋ ነው፣ ኮሚቴው ስልክ ሲደወልለት ያንሳ።