ከቅርብ ጊዜ የፓንክና የኢንዲ ሮክ ሥራዎች የትኛውን አልበም፣ የትኛውን ኮንሰርት ትመርጣላችሁ?

የፒያሳው (ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጥቂት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አንዳችን ቤት እየተሰባሰብን ሮክ እናዳምጣለን። እስካሁን የምንደጋግመው የቆየውን ነው። በቅርብ ዓመታት ከወጡት የፓንክና የኢንዲ አልበሞች መካከል ሳያሰለች ከዳር እስከ ዳር የሚደመጠው የትኛው እንደሆነ፣ እንዲሁም በአካል መታደም ስለማንችል ዩቲዩብ ላይ የሚገኝ ጥሩ ኮንሰርት ካለ ብትጠቁሙን እናመሰግናለን። ከመካከላችን አንዱ የአዝማሪ ቤት ደንበኛ በመሆኑ ፓንክን «ግጥሙ የማይሰማ ጩኸት» እያለ ያጣጥለዋል፤ እርሱን የሚረታ ነገር ቢገኝማ እሰየው ነው።

አዘዞ ነኝ፦
ከአልበም የደብሊኖቹ ፎንቴንስ ዲሲ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ያወጡትን «ሮማንስ» አስቀድማለሁ። «ስታርበርስተር» በተሰኘው ዘፈን ውስጥ ድምፃዊው ግሪያን ቻተን አየር እንዳጠረው ሰው ትንፋሹን በኃይል ወደ ውስጥ ሲስብ ይሰማል፤ መነሻውም ለንደን በሚገኘው የሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ በድንገት ያጋጠመው ብርቱ ጭንቀት ነው። ይህ አልበም ከቀደሙት ሥራዎቻቸው ለስለስ ያለ በመሆኑ «ፓንክነቱ ቀረ» የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ጥሬውን የሚፈልግ ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የወጣውን የሜልበርኖቹን የአሚል ኤንድ ዘ ስኒፈርስን «ካርቱን ዳርክነስ» ይሞክር። ለኮንሰርት ደግሞ ተርንስታይል በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. በትውልድ ከተማቸው ባልቲሞር፣ መናፈሻ ውስጥ በነጻ ያቀረቡትን ተመልከቱ፤ ዝግጅቱ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት መርጃ ነበር።

ደምቢያ (አምስተርዳም)፦
ለአዝማሪ ቤቱ ወዳጃችሁ መድኃኒቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. እዚህ ኔዘርላንድስ የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለው የፓንክ ባንድ በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከዚያም ቀረርቶና ሽለላን በሳክስፎን በመጫወት ከሚታወቀው ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ»ን አሳትሟል። ሳክስፎኑ እንደ ፎካሪ እየተንጎራደደ ሲገባ ጊታሮቹ ከኋላው እንደ አጃቢ ጭፍራ ያሟሙቁታል እንጂ አይሸፍኑትም። ባንዱን እዚህ መድረክ ላይ ሳየው ይበልጥ ያስገረመኝ ጊታሪስቱ ቴሪ ነው፤ የከበሮ መምቻ እንጨት በክሮቹ መካከል እየሰካ ድምፁን ከመሳሪያው ፈልቅቆ ያወጣዋል። ካትሪና ቦርነፌልድ ደግሞ በድራሙ ላይ የምታስኬደው ምት እስክስታ የሚያስወርድ ነው።

የአራዳ ታዛቢ፦
ወንድማችን የጠየቁት ስለ አዲስ ሥራ ሆኖ ሳለ የተጠቆመው የቆየ ነው፤ ጌታቸው ራሱ ካረፈ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ደግሞም የወዳጃቸው ቅሬታ በዜማው ላይ ሳይሆን በግጥሙ ላይ ነው። አዝማሪ ግጥሙን የሚያስደምጠው ማሲንቆው በስንኝና በስንኝ መካከል ፋታ ስለሚሰጥ፣ ከዚያም በላይ አድማጩ ራሱ ስንኝ እየሰጠ ስለሚያስገጥመው ነው። በእንግሊዝኛ የሚጮህ ፓንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደመጥ ይህን ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ግጥሙን አስቀድማችሁ አንብቡለትና በኋላ አስደምጡት። በአማርኛ ይሁን ከተባለም የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አለ፤ ፓንክ ባይባልም ኤሌክትሪክ ጊታርን ከአገር ቤት ዜማ ጋር ያስማማ የሮክ አልበም ነው።

ደምቢያ (አምስተርዳም)፦
ትክክል ነዎት፣ አዲስ ይሁን ከተባለ ዘ ኤክስ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. «ኢፍ ዩር ሚረር ብሬክስ» የተሰኘ አልበም አውጥተዋል። ቤዝ ጊታሪስት የላቸውም፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት በባሪቶን ጊታር ነው። ድምፅ ማጉያችሁ ቤዝ የሚያበዛ ከሆነ ትንሽ ቀንሱት፤ አለዚያ የሦስቱ ጊታሮች ጨዋታ ተለይቶ አይሰማችሁም።

የፒያሳው (ጎንደር)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለፊታችን ቅዳሜ «ሞዓ አንበሳ»ን አስቀድመን፣ ከዚያ አዲሱን የዘ ኤክስ አልበም እናስከትላለን። የ«ሮማንስ»ን ግጥም አትሜ ለወዳጃችን ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ። የባልቲሞሩን ቪዲዮ ግን ኢንተርኔቱ ቀለል በሚልበት በሌሊት አውርጄ ማስቀመጥ ይኖርብኛል።