43 ወይስ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ለቤታችን ቴሌቪዥን ልገዛ ነው። ሳሎናችን ጠባብ ናት። ከሶፋው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል አይሞላም። እናቴ ግን ስክሪን ላይ የሚያልፍ ጽሑፍ ማንበብ ስለሚቸግራት ተለቅ ያለ ብገዛላት ደስ ይለኛል።

ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ የምናየው በብዛት ዲሽ ነው። መርካቶ ሄጄ ሁለቱንም አየሁ። ሻጮቹ 55 ኢንቹን የሚያሳዩት በፎርኬ (4K፣ በጣም ጥራት ባለው) ቪዲዮ ነው፤ እሱማ በጣም ያምራል። ዘመድ ቤት ያለው ባለ 55 ላይ ግን የዲሹ ምስል ከቅርብ ሲታይ ደብዘዝ ይላል። ጥራቱ ዝቅ ያለ ቻናል 3840 በ2160 ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ ሲለጠጥ እንዲህ መሆኑ አይቀርም። መብራቱም ስለሚዋዥቅ ከበጀቴ ላይ ለስታቢላይዘር መተው አለብኝ።

በዚህ ርቀት፣ በአብዛኛው ዲሽ ለሚያይ ቤት፣ የትኛው ይሻላል፦ 43 ወይስ 55?